የአሥር ማይል ቅናሽ

ጫቱን የጫኑት ፒካፖች ከሜሩ ቁልቁል በረው ዊልሰን አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርሱ የናይሮቢ ሰማይ ገና መቅላቱ ነበር። ሾፌሮቹ ሞተር እንኳ ሳያጠፉ ወረዱ። በሙዝ ቅጠል እየተጠቀለለ በጆንያ የታጨቀው ጫት ከትከሻ ወደ ትከሻ እየተላለፈ በተደረደሩት ትንንሽ አውሮፕላኖች ሆድ ውስጥ ይገባ ጀመር። ተሸካሚው፣ ጠባቂው፣ ነዳጅ ቀጂው፣ ሁሉም ይሮጣል። ጫት አይጠብቅም። የሶማሊያን ድንበር ተሻግሮ የባሕር ዳርቻዋ ራስ ዱሌ ከተማ ቀድሞ የገባው ከአውሮፕላኑ ሳይወርድ ይሻሙበታል፤ ዘግይቶ የገባውን ሻጮቹ ሴቶች በሁለት ጣታቸው አንስተው ያዩትና መልሰው ይጥሉታል።

አፒዮ ከቀኙ ወንበር ላይ ሆና የነዳጁን ልክ ታያለች። የካፕቴን ኪሪሚ ረዳት አብራሪ ከሆነች ዓመት አልፏታል። የአውሮፕላኗ ባለቤት ለግራው ወንበር፣ ማለትም ለካፕቴንነቱ፣ አዲስ ሰው ይፈልግ ነበር። ምርጫውንም ለኪሪሚ ትቶለታል። ኪሪሚ «ትችላለች» ካለ አፒዮ ወደ ግራ ትሻገራለች። ካላለ ከጫት በረራ ውጭ ለእሷ በሩን የሚከፍት አልነበረም፤ ብዙ ቦታ አንኳኩታ አይታዋለች።

«አባዮ፣» አላት ከኋላዋ አንድ ድምፅ። ድሪዬ ነው፤ ጫቱን ተከትሎ የሚሄድ የነጋዴዎቹ ወኪል። ሴት የሆነችን ሁሉ እንደ ሶማሌ ወግ እህቴ እያለ ይጠራል። ከኋላ ወንበር ስለሌለ ጆንያው ላይ ተንሰራፍቶ ተቀምጧል። «ትናንት ለምን ሦስተኛ እንደገባን ታውቂያለሽ? አፍሽ ስለሚከብድ ነው። ሰው ‘ሃያ’ ለማለት ያን ያህል ያስባል?»

«ሃያ ስላልነበርን ነው።»

«እኔስ ክብደቴን ስጠየቅ ልኩን ነው የምናገረው?»

«አንተማ ልኩን ብትናገር አንነሳም ነበር» አለ ኪሪሚ ቀበቶውን እያጠበቀ። ከዚያ ሳይስቅ ወደ እሷ ዞረ። «ሰምተሻል አይደል? ዛሬ እንደ ትናንቱ ብትንተባተቢ ሬዲዮውን እኔ እይዘዋለሁ። ሬዲዮ የማይዝ ሰው ደግሞ ካፕቴን አይሆንም።»

«ሰምቻለሁ፣ ካፕቴን።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ራስ ዱሌ ማማ ላይ የተቀመጠው ሰው ራዳር የለውም። አውሮፕላኖቹን የሚያያቸው በጆሮው ነው። «ስንት ማይል ቀረህ?» ይላል፤ በተነገረው መልስ ተራ ያስይዛል። ማን እንደጀመረው አይታወቅም፣ አንዱ አብራሪ አንድ ቀን አሥር ማይል ቀንሶ ተናገረና ቀድሞ ገባ። በማግስቱ የተቀደመው ቀነሰ። ከዚያ ወዲህ የማይቀንስ ጠፋ። ‘ቅናሹ’ ይሉታል። አዲስ የመጣ ረዳት አብራሪ የሻይ ቤቱን መንገድ ሳያውቅ ቅናሹን ያውቃል። አፒዮም ዓመቱን ሙሉ ስትቀንስ ኖራለች፤ ሠላሳ ሲሆን ሃያ፣ ሃያ ሲሆን አሥር።

ሰሞኑን ግን ቁጥሩን ስትናገር ትንተባተብ ጀምራለች። ከባሕረ ሰላጤው አገር የሚመጣ ትልቅ የመንገደኞች አውሮፕላን እነሱ በሚገቡበት ሰዓት መግባት ከጀመረ ጥቂት ቀን ሆኖታል። የራሳቸው አውሮፕላን ደግሞ ለሌሎች አውሮፕላኖች «እዚህ ነኝ» የምትልበት ሣጥን ከሞተ ሰንብቷል። ባለቤቱ በየሳምንቱ «ይመጣል፣ ታዟል» ይላል። ትልቁ አውሮፕላን የማስጠንቀቂያ መሣሪያው የፈለገውን ያህል ቢሠራ እነሱን አያያቸውም። በጠራ ሰማይ ይሄ ምንም አይደለም፤ ዓይን አለ። ወቅቱ ግን የባሕሩ ደመና የብስ ላይ የሚተኛበት ነበር።

ድንበሩን አልፈው ብዙ ሳይሄዱ ደመናው ከፊታቸው ታየ። ከላዩ ሲያዩት ፀሐይ የሞቀው ጥጥ ይመስላል። ኪሪሚ የአውሮፕላኗን አፍንጫ ዝቅ አደረገና ገቡበት። መስታወቱ ነጣ፣ ቀጥሎ ግራጫ ሆነ። ክንፉ እንኳ አንዴ ይታያል አንዴ ይጠፋል። ድሪዬ ወሬውን አቆመ።

ከሬዲዮው የሙሲዮካ ድምፅ መጣ። እሱም ከዊልሰን የተነሣ ጫት ጫኝ ነው፤ ዛሬ ቀድሟቸዋል። «አሥር ማይል» አለ ያለ ሐሳብ። ቀጥሎ የማያውቁት ረጋ ያለ ድምፅ ተሰማ፤ የትልቁ አውሮፕላን ካፕቴን ነው። በባሕሩ በኩል እየቀረበ መሆኑን፣ መውረድ እንደሚፈልግ ተናገረ።

ማማው ላይ ያለው ሰው መለሰለትና ወደ እነሱ ዞረ። ድሮ አስተማሪ ስለነበር መዓሊን ነው የሚሉት። «ኪሪሚ፣ ስንት ቀረህ?»

የርቀት መሣሪያው ሠላሳ ይላል።

«ሃያ በዪው» አለ ኪሪሚ ዓይኑን ከፊቱ ሳይነቅል።

አፒዮ መናገሪያውን ያዘች። ግራጫውን አየችው። እዚያ ውስጥ የሆነ ቦታ ከመቶ በላይ ሰው ቀበቶውን አስሮ ተቀምጧል፤ ምናልባት አንዷ እናት ልጇን እያባበለች ነው። ያ ሁሉ ሰው የሚተማመነው ከእሷ አፍ በሚወጣው ቁጥር ነው። በጠራ ቀን ትቀንስ። በዚህ ቀን ግን፣ በዚህ ቀን...

«ሠላሳ ማይል» አለች።

ኪሪሚ አንገቱን ቀስ ብሎ አዞረ። ትክ ብሎ አያት። ቢጮህባት ይሻላት ነበር።

«ሠላሳ፣ ተቀብያለሁ» አለ መዓሊን። «ባሕሩ ላይ ስትደርሱ ጥሩኝ።» ከዚያ ለትልቁ፦ «አንተ ቅደም፣ ውረድ። ጫቱ ገና ሩቅ ነው።»

«አገኘሽው?» አለ ኪሪሚ። «እሱ ቀደመን። ጥሩ። አንቺ ንጹሕ ነሽ፣ እኔ ለነጋዴዎቹ ምን እንደምላቸው አስባለሁ።»

«ካፕቴን፣ ደመና ውስጥ ነን እኮ።»

«ለዓመታት ደመና ውስጥ ገብቼ ወጥቻለሁ።»

አፒዮ አፍራለች፤ ግን ከእፍረቷ ሥር አንድ የቀለለ ነገር ነበር። ወንበሩ ቢቀር ይቅር ብላ አሰበች። ዛሬ ቢያንስ ሁሉም ሰው የት እንዳለች ያውቃል። የባሕሩን ዳርቻ አለፉ፤ በመሣሪያው እንጂ በዓይን አይደለም። ወደ ሜዳው የሚዞሩበት ቦታ እየቀረበ ነው። መናገሪያውን ልታነሳ እጇን ስትዘረጋ ግራጫው በቀኝ በኩል ጠቆረ።

መጀመሪያ የደመና ጥላ መስሏት ነበር። ጥላው ግን መስመር ነበረው። መስመሩ ክንፍ ሆነ፣ ክንፉ ሥር ቤት የሚያህል ሞተር ተንጠልጥሏል፣ ከሞተሩ ወዲያ የተዘረጉ ጎማዎች አሉ፣ ነጭ ሆድ አለ፤ ሁሉም በአንድነት እላያቸው ላይ እየወረደ ነው።

«ታች!» ብላ ጮኸች። «ታች! ታች!»

ኪሪሚ ምን እንዳየች አልጠየቀም። መሪውን በሁለት እጁ ወደ ፊት ገፋው። አፒዮ ከወንበሯ ተነሥታ ቀበቶዋ ላይ ተንጠለጠለች፣ ከኋላ ጆንያዎቹ ከድሪዬ ጋር ወደ ጣሪያው ተነሡ። መስታወቱ በነጭ ብረት ተሞላ። የብሎኖቹን ረድፍ፣ የዘይት እድፍ የመሰለ ጥቁር ነጠብጣብ አየች። ሞተሩ ሲያልፍ ድምፁ በጆሮ ሳይሆን በጥርስ የሚሰማ ዓይነት ነበር። ወዲያው ትልቁ ትቶት የሄደው ነፋስ ደረሰባቸውና አውሮፕላኗን እንደ ቆርቆሮ ጣሳ ገለበጣት። ኪሪሚ ታገለ። አንድ ክንፍ ወደ ባሕሩ ተተከለ፤ ደመናው አልቆ ከሥራቸው አረንጓዴ ውኃ፣ የማዕበሉ ነጭ ጫፍ ሳይቀር ታየ። ከዚያ ቀስ እያለች ቀና አለች።

«ማማ፣» አለ የትልቁ አውሮፕላን ካፕቴን። ረጋ ያለው ድምፁ ተሰብሯል። «ከሥሬ ያለፈው ምንድን ነው?»

ኪሪሚ ክንፎቹን አስተካክሎ ወደ ሜዳው ዞረ።

ሜዳው ላይ ቆመው ሞተር ካጠፉ በኋላም ከመቀመጫቸው አልተነሱም። ውጭ ሴቶቹ ጫቱ ላይ እየተጋፉ ይጯጯሃሉ። ትልቁ ነጭ አውሮፕላን ወዲያ ማዶ ቆሟል፤ መንገደኞቹ ሻንጣቸውን እየጎተቱ፣ አንዳንዱ በስልኩ እያወራ ይወርዳል። ከፊት መስኮቱ የካፕቴኑ ፊት ወደ እነሱ ያይ ነበር።

ድሪዬ ጉልበቱን ይዞ ወረደ። ግንባሩ ላይ የሙዝ ቅጠል ተለጥፏል። «ወሪያ ኪሪሚ፣» ሲል እንደ ሶማሌ ጠራው፣ «ከዛሬ ጀምሮ በግመል ነው የምሄደው።» ማንም አልሳቀም፣ እሱም አልሳቀም።

መዓሊን ከማማው ሲወርድ አይታ አታውቅም። ቀጭን፣ ጢሙ በሂና የቀላ ሽማግሌ ነው። ቀጥ ብሎ ወደ እሷ መጣ።

«ሠላሳ ያልሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ስንት ነበራችሁ?»

«ሠላሳ።»

ዓይኑን ጨፈነ። «የእውነት ሠላሳ?»

«የእውነት።»

«ልጄ፣ ምነው ዛሬ እውነት መናገርሽን ብታስታውቂኝ?» አለ። «እኔ ለናንተ ለጫቶቹ አሥር እጨምራለሁ። ሃያ ስትሉኝ ሠላሳ እይዛለሁ፤ ሠላሳ ስትሉኝ አርባ። ለዓመታት እንዲህ ነው የማሳርፋችሁ። ባልጨምር ኖሮ ስንቶቻችሁን አጋጭቼ ነበር! አርባ ላይ ናት ብዬ ነው ትልቁን ያወረድኩት።»

አፒዮ አውሮፕላኗን ተደግፋ ቆመች። ሽማግሌውን ልትወቅሰው ፈለገች። ለመውቀስ ከማን እንደሚጀመር ግን አላወቀችም።

«እንግዲያው ከነገ ጀምሮ ለእኔ አይጨምሩ» አለች በመጨረሻ።

«ነገ ካፕቴንሽ ቢናገርስ? ከነገ ወዲያ ሌላ ሰው ወንበርሽ ላይ ቢቀመጥስ? እኔ ድምፅ እንጂ ሐሳብ አይሰማኝም። ወይ ሁላችሁም እውነት ተናገሩ፣ ወይ ሁላችሁም እንደለመዳችሁት ዋሹ። አንዱ እንዲህ ሌላው እንዲያ ከሆነ ግን እኔ ማማው ላይ አልወጣም።»

ሲመለሱ ሰማዩ ጠርቶ ናይሮቢ ታየች። «ሃያ ብትዪ ኖሮ ምንም አልነበረም» አላት ኪሪሚ ያን ጊዜ፣ በቁጣ ሳይሆን እንደ ደከመ ሰው። «ይሄን አስቢበት።» አፒዮ ከዚያ ሌላ የምታስበው አልነበራትም።

ከሰዓት በኋላ ዊልሰን አጥር ሥር ያለችው ሻይ ቤት ውስጥ የጫት አብራሪዎቹ ማንዳዚ የሚሉትን ቦምቦሊኖ እየገመጡ ሻይ ሲጠጡ አፒዮ ተነሥታ የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው። መጀመሪያ ላይ ሙሲዮካ «ታዲያ አንቺ እውነት ስትናገሪ ሰው ሊሞት ነበር፣ እኔ ስዋሽ ሁሉም በሰላም ቤቱ ይገባል። ቅዱሱ ማነው?» ብሎ አሳቃቸው። የሞተሩን ነገር፣ የብሎኖቹን ረድፍ ስትነግራቸው ግን ሳቁ ቆመ። አንዱ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ከነገ ጀምሮ ሁሉም ልኩን ሊናገር ተስማሙ። ሙሲዮካ በእናቱ ማለ። ኪሪሚም እጁን አወጣ።

አፒዮ ወዲያው ለመዓሊን ደወለችለት።

«ሁሉም?» አለ።

«ሁሉም ምለዋል።»

ስልኩ ውስጥ የባሕር ነፋስ ይሰማል። «የማሉት አብራሪዎቹ ናቸው ወይስ ነጋዴዎቹም አሉበት?»

«አብራሪዎቹ።»

«እሺ» አለ መዓሊን፣ እሺ ያለ ሰው ግን አይመስልም ነበር። «ነገ አልጨምርም።»

በማግስቱ ጠዋት ኪሪሚ አውሮፕላኗ ዘንድ ሲደርስ በቀኙ በር ገባ። «ግራ ተቀመጪ» አላት። «ዛሬ የምትነጂው አንቺ ነሽ፣ ሬዲዮውን እኔ እይዛለሁ። ተራሽን ጠብቀሽ፣ ደህና አድርገሽ ካስገባሻት ማታ ለባለቤቱ እነግረዋለሁ።»

ዓመቱን ሙሉ የጓጓችለት ወንበር ይኸው። መሪውን በሁለት እጇ ያዘች። ከኋላ ድሪዬ፣ በግመል ያልሄደው ድሪዬ፣ ገመድ አምጥቶ ራሱን ከጆንያዎቹ ጋር ያስራል። «ካፕቴን አባዮ፣» አላት፣ «እዚያ የሚጠብቁኝ ሴቶች ትናንት የሰደቡኝን ስድብ ለእናቴ መንገር አልችልም። ዛሬ አንደኛ አስገቢኝ።»

ደመናው እዚያው ነበር፤ እንዲያውም ወፍሯል። ከላዩ እየበረሩ ሬዲዮውን አዳመጡ።

«ሃያ አምስት ማይል» አለ ሙሲዮካ።

አፒዮ ግንባሯን ቋጠረች። ሙሲዮካ ከእነሱ ኋላ ነው የተነሣው። ሲነሡ ፒካፑ ገና ጆንያ ያራግፍለት ነበር። የእሷ መሣሪያ ሠላሳ አምስት ይላል። ቀድሟት ሊሆን ይችላል፤ አውሮፕላኑ ከሷ ይፈጥናል። ላይሆንም ይችላል። ሌላው አብራሪ «ሃያ» አለ። እሱስ? በእናቱ ማለ፣ ወይስ እሱ አልነበረም የማለው? ከላይ ያ ረጋ ያለ ድምፅ መጣ፤ ትልቁም እየቀረበ ነው። ዛሬ ሁለት ጊዜ ደጋግሞ ከሥሩ ማን እንዳለ ጠየቀ።

«ኪሪሚ፣ ስንት ቀረህ?»

ኪሪሚ መናገሪያውን አፉ ድረስ አምጥቶ አመነታ። መሣሪያው ሠላሳ ሦስት ላይ ነው። «ሃያ ሦስት» አለ።

«ካፕቴን! ትናንት እጅዎን አውጥተው!»

«ሙሲዮካን አልሰማሽውም? ቀንሷል።»

«በምን አወቁ?»

«ቀንሷል አልኩሽ። ሁሉም ቀንሰዋል። እኔ ብቻ ሞኝ ልሁን?»

«ሃያ... ሦስት፣» አለ መዓሊን። በሁለቱ ቃላት መካከል ቆመ። አፒዮ ሽማግሌው ማማው ላይ ብቻውን ቆሞ፣ ከፊቱ ያለውን ነጭ ግድግዳ እያየ፣ ልጨምር ወይስ ልተወው ሲል ታያት። እሱም እንደ እሷ አያውቅም። ከትናንት የባሰ ነው። ትናንት ቢያንስ ሁሉም ይዋሽ ነበር።

«ውረጂ» አለ ኪሪሚ። «ገና ደመና ላይ ነን። ውረጂ እንጂ!»

የደመናው ጫፍ የአውሮፕላኗን ሆድ እየላሰ ነበር። አፒዮ መሪውን ወደ ፊት አልገፋችውም። ወደ ቀኝ አዞረችው። የአውሮፕላኗ ክንፍ ተዘቀዘቀ፣ ፀሐይ ከአንዱ መስታወት ወደ ሌላው ተሻገረች፣ አፍንጫዋ ወደ መጡበት ዞረ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ሁሉም ካረፉ በኋላ እገባለሁ።»

«መጨረሻ? በጫት? አብደሻል!» አለ ኪሪሚ። እጁ ወደ ራሱ መሪ ሄደ፣ ደርሶ ቆመ። «ይሄ ፈተናሽ መሆኑን ረሳሽው?»

«አልረሳሁም። መሪውን ከወሰዱት ይውሰዱት፤ ካልሆነ ግን እዚሁ እዞራለሁ።»

ኪሪሚ መሪውን አልያዘም። ደመናውን ቁልቁል አየው። አፒዮ ትናንት የነበረው ነገር በፊቱ ሲያልፍ አየች።

«ኧረ! ምን ሆነናል?» ብሎ ጮኸ ድሪዬ ከኋላ። «ፀሐይዋ ለምን ዞረች?»

«ተኛ» አለው ኪሪሚ። አፒዮ ከደመናው በላይ ተራ እንደሚጠብቁ ለመዓሊን ነገረችው።

ከደመናው በላይ፣ በባዶው ሰማይ ላይ፣ እየዞሩ አዳመጡ። ሁለተኛው አብራሪ መሬት መንካቱን ተናገረ። ከዚያ ትልቁ እየወረደ መሆኑን አሳወቀ። ከዚያ ሬዲዮው ጸጥ አለ። መዓሊን «ሙሲዮካ» ብሎ ተጣራ። መልስ የለም። ደግሞ ተጣራ። ኪሪሚ ሬዲዮውን ከፍ አደረገ፤ ጩኸቱ ብቻ ከፍ አለ።

«ሙሲዮካ! ስንት ቀረህ?»

«... አርፌያለሁ» አለ ሙሲዮካ ቆይቶ። ድምፁ ከወትሮው ቀጥኗል። «አርፌያለሁ። ትልቁ... ትልቁ ከኋላዬ ነበር። በጣም ከኋላዬ ነበር።» ቅርብ ለማለት ፈልጎ ይሁን ሩቅ፣ ማንም አልጠየቀውም።

ትልቁም አረፈ። መዓሊን ሲተነፍስ በሬዲዮው ተሰማ። «ኪሪሚ፣ የቀረኸኝ አንተ ነህ። የት ነህ?»

ኪሪሚ መናገሪያውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ወደ መስኮቱ ዞሯል። አፒዮ በራሷ መናገሪያ መለሰች።

«ሠላሳ አራት ማይል፣ ከደመናው በላይ።»

«የእውነት?»

«የእውነት።»

«ነይ ልጄ። ማንም የለም።»

«ወይ ፍርድ!» አለ ድሪዬ። «ስድቡን አንቺ ነሽ ወርደሽ የምትሰሚልኝ።»

ኪሪሚ ሳይዞር ተናገረ። «ነገ ወደ ቀኝ ትመለሻለሽ። ለባለቤቱም ገና አልደረሰችም እለዋለሁ።»

«እሺ፣ ካፕቴን።»

የአውሮፕላኗን አፍንጫ ወደ ታች አዞረች። መስታወቱ ነጣ፣ ከዚያ ግራጫ ሆነ፣ ክንፉ ጠፋ። እዚያ ውስጥ ከእነሱ በቀር ማንም እንደሌለ ታውቃለች። ቢሆንም እስከ ባሕሩ ድረስ ዓይኗን ከግራጫው ላይ አልነቀለችም፤ ከጎኗ ኪሪሚም እንዲሁ፣ በእሱ በኩል ያለውን ይጠብቅ ነበር።